የኔልዳ አምፕሊፋየር

ሮይስ ስተብልፊልድ በእህቱ ወጥ ቤት፣ በእህቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የእህቱን ትኩስ የብስኩት ዳቦ በነጭ የቋሊማ መረቅ እያጠቀሰ፣ የእህቱን ቦታ ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ ኔልዳ ከግድግዳው ወዲያ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፎጣ ታጥፍ ነበር።

«አዎ፣ ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው» ይላል በስልክ፣ አፉ ሞልቶ። «አይ፣ ገና አልነገርኳትም። ስማኝ ብራንት፣ እጇ አላረጀም፤ እሱን አልዋሽም። ግን አምፕሊፋየሯን ማንሳት አቅቷታል። ባለፈው እሁድ እኔና ከበሮ መቺው ነን እያቃሰትን ያስገባንላት። የገዛ ዕቃውን ማንሳት ያቃተው ሰው ወንበሩን ለሚያነሳ ይልቀቅ፤ የባንዱ ደንብ ይኸው ነው። ዛሬ ብቅ በልና ዘፈኖቹን አዳምጥ። እሷ? ኧረ እሷን ለኔ ተወው፤ አባብላታለሁ። እህቴ አይደለች!»

ኔልዳ ያጠፈችውን ፎጣ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ገና እንደ በቆሎ ጢም ቢጫ ሳለ ጀምሮ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሰሜን ፎርት ዎርዝ የዘማቾች ማኅበር አዳራሽ፣ ወንድሟ ባስ ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ፣ እሷ ከግራው ተቀምጣ ፔዳል ስቲል ጊታሯን ስታስለቅስ ኖራለች። ባሏ ኤልበርት ሲሞት እንኳ ያስቀረችው አንድ እሁድ ብቻ ነው። ደሟን ያፈላው ግን መባረሩ ብቻ አልነበረም፤ «አባብላታለሁ» የምትለዋ ቃል ናት። ልጆች ሳሉ ሮይስ ብስክሌቷን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ በአየር ጠመንጃ ከለወጠ በኋላ፣ እሷን በአንድ ኩባያ አይስክሬም አባብሏታል። አይስክሬሙንም ግማሹን የበላው እሱ ነበር።

ወደ ወጥ ቤቱ ስትገባ ሮይስ ስልኩን በፊቱ ደፍቶት ነበር። ሚስቱ ጥላው አማሪሎ ከተማ ከገባች ወዲህ የእሁድ ቁርሱን እዚህ ነው የሚበላው፤ ወንበሩ ራሱ የእሱን ቅርፅ ይዟል።

«ማን ነበር?» አለችው የብርቱካን ጭማቂውን እየሞላችለት።

«የስልክ ኩባንያ። አዲስ ጥቅል ልሽጥልህ እያለ ያደርቀኛል።»

«በእሁድ ጠዋት?»

«ዘመኑ ከፋ፣ እህቴ» አለና ሌላ ብስኩት አነሳ።

የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፣ ሮይስ ያኝካል። ኔልዳ መጥበሻውን ስትፈትግ ከመጥበሻው በላይ ሌላ ነገር የምትፈትግ ይመስል ነበር። ሮይስ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ጉንጯን ስሞ፣ «በስምንት ሰዓት እንገናኝ፤ ዕቃውን ላውርድ አትበይ፣ እኛ እናወርደዋለን፣ ወገብሽን ጠብቂ» ብሎ ወጣ። ያቺ የመጨረሻዋ ምክር ነች ነገሩን የቆረጠችው። የፒክአፑ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲጠፋ ኔልዳ ሽርጧን ፈታ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች።

እዚያ፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ በአበባ ጨርቅ የተሸፈነ የምሳ ዕቃ የሚያህል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በዘጠና ዶላር የገዛችው ነው። ሻጩ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ሲላት «አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሌሊትና ቀን አይልም» አለችው። የልጅ ልጅ የላትም። ሳጥኗ የማትችለው ነገር የለም፤ የትልልቆቹን አምፕሊፋየሮች ድምፅ ትኮርጃለች፣ የገደል ማሚቶ ትሠራለች፣ አንዲትን ክር በባዶ ካቴድራል ውስጥ እንደተመታች ታስተጋባለች። ችግሩ የተሠራችው ለተራ ጊታር ነው፤ ቆመው እየዘለሉ በጫማቸው ለሚረግጧት ጎረምሶች። ፔዳል ስቲል ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው። እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። ቀኝ እጅ ክሮቹን ይመታል፣ ግራ እጅ በክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ ያንሸራትታል፣ ግራ እግር ክር የሚወጥሩትን ፔዳሎች ይረግጣል፣ ቀኝ እግር የድምፁን ፔዳል ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ጉልበቶች ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉትን ማንሻዎች ወዲህና ወዲያ ይገፋሉ። «እንግዲህ የቀረኝ አፍንጫዬ ነው» አለች ኔልዳ ለራሷ ሳጥኗን የት እንደምታኖራት ስታስብ። በመጨረሻ ከወንበሯ ጎን፣ በክርን በሚደረስበት በኩል አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ ስትሰካት ሳጥኗ መጥበሻ ላይ የሚንጣጣ ቤከን የመሰለ ድምፅ አወጣች። የስቲሉ ጉልበት ከተራ ጊታር ስለሚበልጥ ሳጥኗ የጎረሰችው አንቋት ነበር። ኔልዳ የመግቢያዋን ቁልፍ አጥብባ በትንሽ በትንሹ አጎረሰቻት። የድምፁን ፔዳል ከሳጥኗ በፊት አደረገች፤ እግሯን ስታነሳ ክሩ ዝም ቢልም ማሚቶው በራሱ ጊዜ እየራቀ እንዲሞት። ከዚያ ፋብሪካው የሞላባትን ድምፅ አንድ በአንድ አየችው፤ አንዱ «የገሃነም በር»፣ ሌላው «የብረት አውሎ ነፋስ» ይባላል። ሁሉንም አጥፍታ፣ ንጹሑን ድምፅ፣ ጥቂት ማሚቶ፣ ጥቂት የአዳራሽ አየር ብቻ አስቀረች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማዳመጫውን በጆሮዋ አድርጋ አንዲት ቀስ ያለች የዋልዝ ዳንስ ዜማ ስትሞክር፣ የሰማችው ድምፅ እጇን በአየር ላይ አስቀረው። ኤልበርት ሊያያት አዳራሹ በር ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይቆም በነበረበት ዘመን የነበራት ድምፅ ነው። ማዳመጫውን አውልቃ ግራ ቀኝ አየች፤ ሌባ የገባ መስሏት።

ለሮይስ ያልነገረችው ሮይስን ስለምታውቀው ነው። የሮይስ ሃይማኖት ሦስት ቃል ናት፦ ጣት፣ ብረት፣ አምፖል። በብርጭቆ አምፖሎች የማይሞቅ አምፕሊፋየር ለእሱ ሬዲዮ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ጊታሪስት መሬት ላይ የምታብለጨልጭ ትንሽ ነገር አስቀምጦ ሲጫወት፣ ሮይስ ዘፈኑን ሳያቋርጥ በጫማው ጫፍ ገመዱን ነቅሎ፣ ወደ ሁለተኛው አዝማች ገባ። ልጁ በሳምንቱ አልተመለሰም።

ዛሬ ኔልዳ ጋራዡ ውስጥ የአምፕሊፋየሯን ጀርባ ፈታች። ትንሽ ማቀዝቀዣ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው፤ ስታነሳው ወገቧ ላይ ቢላ እንደገባ ይሰማታል። ኤልበርት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ውስጡን በባዶ እጅ እንዳትነካው አስተምሯታል፤ ስለዚህ ጓንት አድርጋ፣ አምፖሎቹንና ትራንስፎርመሩን ከነማቀፊያቸው አወጣች። ቀጥላ ማግኔቱ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህለውን ስፒከር አወጣች። ሁሉንም በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከልብስ ማጠቢያ ዱቄቱ መደርደሪያ ሥር ደረደረችው። የቀረው የእንጨት ቅርፊት፣ የፊቱ ጨርቅና ማዕዘኖቹ ላይ የተመቱት ብረቶች ናቸው። ትንሿን ሳጥን በጎኑ ግድግዳ ላይ ከውስጥ አጣበቀቻት። የፊቱ ቀይ መብራት መብራት አለበት፤ ለዚያ ከገና ዛፍ መብራቶቿ በባትሪ የሚሠራ አንድ ቀይ ፍሬ ቆርጣ ከመስታወቱ ኋላ አሰረች። ከዚያ ቆማ አየችው። በእጀታው ይዛ አነሳችው። ብድግ አለ። ኔልዳ ጋራዡ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ እንደገና አነሳችው፤ ሳቀች።

አሁን የቀረችው ሉፔ ናት። ሉፔ የአዳራሹን ባር ትይዛለች፤ የድምፁንም መሣሪያ ከባሩ ጫፍ ሆና የምትመራው እሷው ነች። ኔልዳ ደወለችላት።

«ሉፔዬ፣ ዛሬ ማይክሮፎኑን እንደ ወትሮው ከአምፕሊፋየሬ ፊት ታቆሚልኛለሽ፤ ግን አትከፍቺውም። ከአምፕሊፋየሬ ጀርባ አንድ ገመድ ይወጣል፤ እሱን ነው የምትከፍቺው። ከአጠገቤ ያለችውን የመድረክ ስፒከርም ከፍ አድርጊልኝ።»

«ሮይስ ያውቃል?»

«ሮይስ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ።»

«እንግዲያው እኔም ምንም አልሰማሁም» አለች ሉፔ። «የትኛው ቀዳዳ ላይ ልሰካልሽ?»

ቀኑ የቴክሳስ ነፋስ የሠለጠነበት ቀን ነበር። ኔልዳ የመኪናዋን የኋላ በር አዳራሹ ጓሮ ላይ ስትከፍት፣ ሮይስና ከበሮ መቺው ከጭነት በሩ አጠገብ ቆመው ያጨሳሉ፤ ከእነሱ ጋር ጢሙን በሥርዓት የከረከመ፣ ቦት ጫማው ገና ያልተላመደ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ አለ። ብራንት መሆኑን ለማወቅ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ኔልዳ ስቲሏን በጋሪ አስገብታ ተመለሰች። ሮይስ ሲጋራውን ጥሎ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ እህቴ፤ አትንኪው፣ እንመጣለን!»

ኔልዳ በግራ እጇ ለባሩ ያመጣችውን የፒካን ኬክ እንደያዘች፣ በቀኝ እጇ አምፕሊፋየሩን ብድግ አደረገችው። ነፋሱ ሊነጥቃት ሲሞክር ወደ ጎን እንደመራመድ አለች፤ ያ ደግሞ ክብደቱ ያንገዳገዳት አስመሰለላት። በሦስቱ ወንዶች መሀል አለፈች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። «በሩን ያዝልኝ የኔ ልጅ፣ ኬኩ እንዳይደፋብኝ።»

ብራንት አፉን ከፍቶ በሩን ያዘ። ከበሮ መቺውን ሲጋራው ጣቱን አቃጠለው። ሮይስ እጅጌውን ግማሽ ጠቅልሎ እንደቆመ ቀረ፤ ከዚያ ተከትሏት ገባ።

«ምንድን ነው የምትወስጂው?» አላት በሹክሹክታ።

«ምን እወስዳለሁ?»

«መድኃኒት ነዋ! ባለፈው እሁድ ጠርሙስ መክፈት አቅቶሽ ነበር!»

«የአጃ ገንፎ» አለች ኔልዳ አምፕሊፋየሩን ቀስ አድርጋ እያስቀመጠች፣ ለደንቡም ትንሽ እያቃሰተች። «ጠዋት ጠዋት። አንተ ብስኩት ታበዛለህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚህ ላይ ይተወዋል። ሮይስ ግን የሰባ አንድ ዓመት ወንድ ነው፤ ታናሽ እህቱ፣ ኬክ በእጇ ይዛ፣ በሁለት ሰው ፊት አሳፍራዋለች። ወደ መኪናው ሄደ፤ የባስ አምፕሊፋየሩን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ብራንት እያየው፣ ነጠቀው። አምፕሊፋየሩ ትንሽ ብድግ አለ። ቀጥሎ ከሮይስ ወገብ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ አምፕሊፋየሩም ወደነበረበት ተመለሰ። ሮይስ ግን አልተመለሰም፤ እንደጎነበሰ ቀረ። «የወደቀ ነገር እየፈለግሁ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ዕቃውን ከበሮ መቺውና ብራንት አስገቡለት።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የእሁድ ሰዎች ናቸው፤ ጡረተኞች፣ ባሎቻቸውን የቀበሩ ሴቶች፣ ሁለተኛ ጋብቻቸውን የሚለማመዱ ወንዶች፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የመጡ ባልና ሚስቶች። መግቢያው አሥር ዶላር ነው፤ ቺሊ የሚሉት የሥጋ ወጥና በረዶ የገባበት ሻይ ለብቻ ይከፈልባቸዋል። ወለሉ ላይ ጫማ እንዲያንሸራትት ዱቄት ተነስንሷል። ሉፔ ከባሩ ጫፍ ሆና ለኔልዳ አንድ ዓይኗን ጠቀሰቻት፤ ኔልዳም እጇን እስከ ክርኗ ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ሰድዳ የትንሿን ሳጥን ቁልፍ ነካች። ቀዩ የገና መብራት እንደ ጥንቱ በራ።

በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጥንዶቹ እንደ ወትሮው ዞሩ። በሁለተኛው፣ በዋልዙ፣ አንድ ነገር ሆነ። ኔልዳ ብረቱን ወደ ላይ አንሸራትታ ክሩን ስትለቀው ድምፁ ከጣሪያው ሥር ደረሰ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እንደ ላባ ወረደ። ከወለሉ መሀል አንዲት አሮጊት ጭንቅላቷን ባሏ ትከሻ ላይ ጣለች። ቺሊ የሚበላ ሰውዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። ብራንት ከግድግዳው ተለይቶ ወደ መድረኩ ቀረበ፤ እጆቿን፣ ከዚያ ጉልበቶቿን፣ ከዚያ እንደገና እጆቿን ያያል። ሮይስም ባሱን ሳያቋርጥ፣ ወገቡን አጉብጦ ሰማ። ፊቱ ላይ ንፁሕ የሆነ ደስታ ነበር፤ ኔልዳ ለቅጽበት አዘነችለት። ለቅጽበት ብቻ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሮይስ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ወዳጆቼ፣ ሰማችሁ?» አለ። «ይህን ድምፅ ዛሬ የትም አታገኙትም። ዛሬ ልጆቹ መጫወቻ በእግራቸው እየረገጡ ሙዚቃ ነው ይሉናል። ይህ ግን መጫወቻ የለበትም! ይህ ጣት ነው፣ ብረት ነው፣ በሙቀት የጋለ የጥንት አምፖል ነው! አየህ ብራንት፣ ልጄ? ጆሮህን ክፈት፤ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ ይህ ሳጥን በሚልዮን አይገዛም!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሉፔ ከባሩ ሥር ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች፤ ትከሻዋ ይርገበገባል። ኔልዳ ዓይኗን ከክሮቹ አላነሳችም።

ቀጣዩ ፈጣን ዘፈን ነበር። ወገቡ የታመመ ሰው አንድ እግሩን ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲያሳርፍ እንደሚቀለው ሮይስ ያውቃል፤ የኔልዳ አምፕሊፋየር ደግሞ ከጎኑ ነው። እየዘፈነ ቦት ጫማውን አነሳና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። አምፕሊፋየሩ እንደ ባዶ ካርቶን ተፈናጠረ። የሮይስ ቀኝ እግር ከእሱ ጋር ሄደ፣ ግራው ቀረ፤ ባርኔጣው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። ሮይስ በዕድሜው ሞክሮት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ እግሮቹን ለሁለት ሰንጥቆ መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ባሱን ግን አልለቀቀም፤ ጣቶቹም ምቱን አልሳቱም። ሰው የዳንስ ትርኢት መስሎት ጮኸ። «ሮይስ! ሮይስ!» አለች ከፊት የቆመች ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሴት።

ሮይስ ግን አይሰማም። ከተቀመጠበት የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ፊት ለፊቱ ተከፍቷል። ባዶ ነው። ውስጡ የሸረሪት ድር፣ ትንሽ ስክሪኗ እየበራች የምትጠብቅ የምሳ ዕቃ የምታህል ሳጥን፣ በክር የታሰረ የገና መብራት። እስኪገባው ድረስ ሁለት ስንኝ አለፈ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አየ። ኔልዳም አየችው። ምንም ማድረግ አትችልም፤ ሁለት እጇ፣ ሁለት እግሯ፣ ሁለት ጉልበቷ ሥራ ላይ ነው። የሮይስ ቀኝ እጅ ባሱን ለቀቀና ወደ ሳጥኗ ገመድ ተዘረጋ። ጣቶቹ ገመዱን ያዙ። ኔልዳ የልቧን ምት ከከበሮው መለየት አቃታት፤ ብረቱ ከላብ የተነሳ ሊያመልጣት ደረሰ።

ሮይስ ወለሉን አየ። ጥንዶቹ እየተሽከረከሩ ነው። ብራንት እጁን በደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ወደ ቅዳሴ የገባ ሰው ይመስል ቆሟል። ማይክሮፎኑ፣ አሁን ደቂቃ ሳይሞላ «በሚልዮን አይገዛም» ያለበት ማይክሮፎን፣ ከአፉ በላይ ተገትሯል። ሮይስ ገመዱን ለቀቀ። አምፕሊፋየሩን በአንድ ጣቱ ወደ ቦታው ገፋ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ተደግፎ ተነስቶ ወደ አዝማቹ ገባ።

በእረፍቱ ሰዓት ከጭነት በሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሉፔ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አምጥታ፣ የሁለቱንም ፊት አይታ፣ ቶሎ ተመለሰች። ሮይስ በረዶውን ወገቡ ላይ አደረገ። ነፋሱ የወረቀት ኩባያዎችን በመኪናዎቹ መሀል ያሯሩጣል።

«ባዶ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሳጥን አለበት።»

«ስንት ነው?»

«ዘጠና ዶላር።»

ሮይስ ዓይኑን ጨፈነ። «በሰው ሁሉ ፊት አስለፈለፍሽኝ።»

«ማይክሮፎኑን እኔ አልሰጠሁህም። ዕቃህን አንሳ ይላል ደንቡ፤ አነሳሁ። ምን ያህል መክበድ እንዳለበት የሚል ነገር የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?» አለች ኔልዳ። «ስታኝክ ሳይቀር ሰምቼሃለሁ ሮይስ። የማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ወረቀት ነው። ይህን ያህል ዘመን ከጎንህ ተቀምጬ፣ ወንበሬን ለማላውቀው ሰው፣ በገዛ ወጥ ቤቴ!»

ሮይስ ቦት ጫማውን ያያል። «ልነግርሽ ነበር።»

«ልታባብለኝ ነበር።»

በሩ ተከፈተና ብራንት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወጣ። ቀድሞ ለኔልዳ እጅ ነሳ።

«እትዬ ኔልዳ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለ። «ጋሽ ሮይስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ አምፕሊፋየር… ውስጡ ምንድን ነው ያለው? ጀርባውን ላየው እችላለሁ?»

ኔልዳ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። አሁን የወንድሟ ተራ ነው። ሮይስ በሕይወቱ ብዙ ኃጢአት ቢኖርበትም፣ በሙዚቃ ጉዳይ ዋሽቶ አያውቅም፤ በዚያ ይኮራ ነበር። በረዶውን ከወገቡ አንስቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ።

«ጀርባውን ማየት አይቻልም» አለ። «አምፖሎቹ ብርሃን አይወዱም።»

«ብርሃን?»

«የባሕር ኃይል አምፖሎች ናቸው፤ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የወጡ። ጨለማ ለምደዋል። ባሏ ነፍሱን ይማረውና ኤልበርት ነው በእጁ የሰካቸው፤ ብርሃን ያየ ቀን ድምፃቸው ይሻክራል። ስፒከሩም እንዲሁ፤ እንዲህ ያለ ማግኔት አሁን አይመረትም፤ ማዕድኑ አልቋል። ለዚህ ነው እኔ ስረግጠው ያን ያህል የደነገጥሁት፤ አየህ አይደል?»

«አየሁ ጌታዬ» አለ ብራንት በአክብሮት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ነገሩን በቃሉ የሚያጠና ይመስል ነበር። ኔልዳ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ የጉንጯን ውስጥ ነከሰች።

«እንግዲህ ስለሚመጣው እሁድ…» አለ ልጁ፣ ሁለቱንም እያየ፤ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ከፊቱ ያስታውቃል። «ጠዋት በስልክ ያሉኝ፣ እትዬ ኔልዳ ከባንዱ ሊያርፉ ነው ብለው… እኔ እንጃ ጋሽ ሮይስ። ከእሳቸው በኋላ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ያሳፍራል።»

ሮይስ ወደ እህቱ ሊዞር ሞከረ፤ ወገቡ አልፈቀደለትም፤ በዓይኑ ብቻ ዞረ።

«የሚመጣው እሁድ ና» አለ። «የጠራሁህ ለወንበሩ ነበር፤ ተሳስቼ ነው። ወንበሩ ሰው አለበት። አሁን የቸገረን ሌላ ነው፤ እኔ ዕቃዬን ማንሳት አቅቶኛል። በደንቡ መሠረት መባረር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«አናባርረውም» አለች ኔልዳ ለብራንት። «እናባብለዋለን።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳንሱ አበቃ። ብራንት የሮይስን አምፕሊፋየር ከከበሮ መቺው ጋር ተሸክሞ ወጣ፤ የኔልዳንም ሊያነሳ ሲጠጋ ሮይስ «እሱን አትንካ! አምፖሎቹ!» ብሎ ጮኸበትና፣ ራሱ እቅፍ አድርጎ አወጣው። እያቃሰተ፣ እያላበው፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመ። ከበሩ አጠገብ የቆሙት ሴቶች ከንፈር መጠጡለት። ኔልዳ ከኋላው «ጎበዝ፤ ግን ትንሽ አበዛኸው» አለችው። «አላስመሰልኩም» አለ ሮይስ ጥርሱን ነክሶ። «ወገቤ ነው።»

መንዳት ስላልቻለ ፒክአፑን እዚያው ትቶ በእሷ መኪና ተሳፈረ። ጃክስቦሮ ሀይዌይ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ በፊት ለፊት መስታወቱ ገባች። ሁለቱም የፀሐይ መከለያቸውን አወረዱ። ሁለት የመኪና መሸጫ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የጎማ ጥገና አለፉ።

«ኔልዳ» አለ ሮይስ።

«ወይ።»

«ያቺ ሳጥን ለባስ ጊታር ትሆናለች?»

ቀይ መብራት ያዛቸው። ኔልዳ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ወደ ፊት ታያለች።

«መጀመሪያ የምትለኝ ነገር አለ።»

«ብያለሁ እኮ። ለልጁ ስነግረው አልሰማሽም?»

«ለልጁ ነዋ የነገርከው።»

ሮይስ ጉሮሮውን ጠረገ። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየ፣ ጢሙ ውስጥ የምትቀር ነገር አጉረመረመ።

«ምን አልክ?»

«ይቅርታ አልኩ።»

«አልደረሰኝም» አለች ኔልዳ። «ድምፅህ ደረቅ ነው። ትንሽ የገደል ማሚቶ ጨምርበት።»

ሮይስ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። የቻለውን ያህል አየር ሳበ፤ ወገቡን ይዞ፣ ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ በሚሞላበት በዚያ ድምፁ፣ «ይ… ቅ… ር… ታ!» ብሎ ሀይዌዩ ላይ ለቀቀው።

ከጎናቸው የቆመው የጭነት መኪና ሹፌር በድንጋጤ ዞሮ አያቸው። ሽማግሌውን አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ አወዛወዘ።

«ችግር የለም ጌታዬ! እኔም ፍሬቻ አላሳየሁም!» አለ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ኔልዳ ከሳቋ ጋር እየታገለች መኪናዋን አስነሳች።

«እሱ ይቅር ብሎሃል» አለች። «እኔ እስከ ሐሙስ ላስብበት።»